የፌርፊልድ ድንጋይ

ስለ ቤት ልንጽፍ ተቀምጠን ስለ ሰው ተጣላን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዚህች መጽሔት አዘጋጆች «ከዓለም ሕንፃዎች አንዱን መርጣችሁ ጻፉ፤ ግን እባካችሁ ፒራሚድ አይሁን» ብለው ሲያሳስቡን፣ አራት ሆነን ከካፌው ጥግ ባለችው ጠረጴዛ ዙሪያ ተሰበሰብን። ስማችንን መዘርዘር አያስፈልግም። አንዷ የታሪክ ተማሪ ናት። ሦስታችን የሥነ ጽሑፍ ነን፤ ከሦስቱ አንዱ የጎጃም ልጅ፣ አንዱ የጉለሌ ልጅ፣ አንዱ ደግሞ የእጅ ጽሑፉ ይነበባል ተብሎ ብዕር ያስጨበጡት ነው።

የታሪኳ ተማሪ ከደብተሯ መሐል አንድ ፎቶ ኮፒ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ገጣ ገጠብ ያለ ፎቶግራፍ ነው፤ ቢሆንም ቤቱ ይታያል። ፈዘዝ ያለ ቀለም ያለው፣ ከተጠረበ ድንጋይ የተሠራ፣ በአትክልት የተከበበ ሰፊ የእንግሊዝ ቤት። «ስሙ ፌርፊልድ ይባላል፤ ያለው ባዝ ከተማ ዳር ነው» አለችን። «ከ1936 እስከ 1940 ማን እንደኖረበት ታውቃላችሁ?»

እናውቃለን። አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት ዘመናቸው የኖሩበት ቤት ነው።

ይህን ጊዜ የጉለሌው ልጅ ሻዩን ገፋ አደረገና «እኔን አታስገቡኝ» አለ። «ሰውዬው አገር ጥሎ የተቀመጠበትን ቤት መስኮቱ አማረ፣ በሩ አማረ እያላችሁ ልታወድሱ ነው? የእኔ ቅድመ አያት በየካቲት 12 እልቂት ነው የሞተው። እናንተ ከፈለጋችሁ ጻፉ፤ ግን ‹እኛ› ብላችሁ እንዳትጽፉ። ‹ሦስታችን› በሉ።»

ዝም አልን። ጓደኛችን እንዲህ ሲል ሰምተነው አናውቅም፤ ስለ ቅድመ አያቱም ያን ዕለት ነው የሰማነው። በመጨረሻ የጎጃሙ ልጅ «ፍርድ የሚሰጠው ምርመራ ካለቀ በኋላ አይደለም እንዴ? መጀመሪያ ቤቱን እንወቀው፤ ‹እኛ› የምንለውን ኋላ እንወስናለን» ብሎ አስታረቀን። በዚሁ ተስማምተን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገባን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» እንልበታለን።)

ከድንጋዩ እንጀምር። ባዝ በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ ኤቨን በሚባል ወንዝ ዳር፣ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ከመሬቷ 46 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚደርስ ፍል ውኃ ይወጣል። ጥንት ሮማውያን በዚሁ ውኃ ላይ መታጠቢያና ቤተ ጣዖት ሠርተውባታል። ከተማይቱ ግን በውኃዋ ብቻ ሳይሆን በድንጋይዋም የታወቀች ናት። የባዝ ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ወገን ነው። ቀለሙ ማር የመሰለ ቢጫ ነው። አንዱን ቁራጭ በአጉሊ መነጽር ቢያዩት እንደ ጤፍ ፍሬ ደቃቅ በሆኑ ክብ ክብ ቅንጣቶች የተሞላ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አገሩ ጥልቀት የሌለው ሞቃት ባሕር በነበረበት ጊዜ፣ በሞገዱ ወዲያና ወዲህ እየተንከባለሉ፣ ኖራ እየደረቡ የተፈጠሩ ናቸው። የጎጃሙ ልጅ ይህን ሲያነብ ደስ አለው፤ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከአውቶቡስ መስኮት የሚያየው የኖራ ድንጋይ የዚያው የጁራሲክ ዘመን ነውና። «ታዲያ ዘመዳሞች ነና» አለ። የጉለሌው ልጅ አልሳቀም።

ይህ ድንጋይ ከገደል ፊት የሚፈነቀል አይደለም። የሚወጣው ከመሬት ውስጥ ነው። ኮም ዳውን፣ ቦክስና ኮርሻም በሚባሉት ቦታዎች ሠራተኞቹ ኮረብታውን ከሥሩ እየቦረቦሩ፣ ጣሪያው እንዳይናድ በየመሐሉ የድንጋይ ምሰሶ እየተዉ ይገቡ ነበር። አሠራሩን ስናነብ ገረመን። መጀመሪያ እጀታው ረጅም በሆነ ዶማ ከጣሪያው ሥር ጠባብ ክፍተት ይፈለፈላል። ከዚያ ሠራተኛው በዚያች ክፍተት ገብቶ፣ በሻማ ወይም በዘይት መብራት፣ ድንጋዩን በትልቅ የእጅ መጋዝ ከላይ ወደ ታች ይጋዘዋል። መጋዙ እንዳይግል ውኃ ጠብ ጠብ ይደረግለታል። ድንጋይ በመጋዝ! እኛ አገር ጥቁር ድንጋይ በመዶሻና በመሮ ሲፈለጥ አይተን ላደግነው ይህ እንግዳ ነገር ነው። የባዝ ድንጋይ ግን ከመሬት እንደወጣ እርጥብና ለስላሳ ስለሆነ እንጨት ይመስል ይጋዛል፤ አየር ሲያገኘው ይጠነክራል። በክረምት የወጣ እንደሆነ ውርጭ እንዳይሰነጥቀው እዚያው ከመሬት ሥር ተከምሮ ብርዱ እስኪያልፍ ይጠብቃል።

በዚህ ድንጋይ የከበረው ራልፍ አለን የሚባል ሰው ነው። በ1720ዎቹ የኮም ዳውንን ካባ እየገዛ ያዘ፤ ከኮረብታው እስከ ወንዙ ሐዲድ አዘረጋ። ድንጋይ የጫነው ጋሪ በራሱ ክብደት ቁልቁል ይወርዳል፤ ባዶውን ፈረስ ሽቅብ ይስበዋል። የለንደን ሐኪሞች ሳይሆኑ የለንደን አርክቴክቶች «ይህ ድንጋይ ሳይሆን አይብ ነው» እያሉ ቢያጣጥሉበት፣ አለን ፕራየር ፓርክ የተባለውን ታላቅ መኖሪያውን በዚያው ድንጋይ አሠርቶ ድንጋዩን በቤቱ አስመሰከረ። ጆን ውድ የሚባሉ አባትና ልጅ አርክቴክቶችም ባዝን በድንጋዩ አለበሷት። በልጅየው ፕላን ከ1767 ጀምሮ የተሠራው፣ ሠላሳ ቤቶች በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተደረደሩበት ሮያል ክሬሰንት እስከ ዛሬ ይጎበኛል። ከተማይቱም በ1987 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ከሥሯ ግን ባዶ ነበረች። የኮም ዳውን ዋሻዎች እየሳሱ በላያቸው ያለው ሰፈር ይሰጥማል ተብሎ ስለተፈራ፣ ባለፉት ሃያ ዓመታት ገደማ ውስጥ በአረፋ ኮንክሪት ተሞልተዋል። ከላይ ለሚታየው ውበት ሁሉ ከታች የጎደለ ነገር እንደነበረ ባዞች ያወቁት ዘግይተው ነው።

ከግንበኞቹ ሕግ አንዲቷ በተለይ በአእምሯችን ቀረች። ይህ ድንጋይ ከባሕር ሥር ሲጠራቀም በንብርብር ተኝቷል። ግንበኛው ግድግዳ ላይ ሲያስቀምጠው በመሬት ውስጥ እንደተኛው ሁሉ ንብርብሩ አግድም እንዲሆን መጠንቀቅ አለበት። ዘወር አድርጎ ካቆመው ዝናብና ውርጭ በንብርብሩ መሐል እየገባ እንደ ሽንኩርት ይልጠዋል። የታሪኳ ተማሪ ይህን ካነበበች በኋላ ቀና ብላ «እንደ ስደተኛ» አለች። የጉለሌው ልጅ ወዲያው «ተይ እንጂ፣ ድንጋይ ነው፤ ሰው አይደለም» አላት። ልክ ነው። ድንጋይ አገር አይናፍቅም። ነገር ግን ሕጊቱን ጻፍናት።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። ፌርፊልድ ከነሮያል ክሬሰንት በጣም ያነሰ ዕድሜ አለው፤ የተሠራው በ19ኛው ምዕት ዓመት አጋማሽ ገደማ ነው። ፊቱ በተጠረበ የባዝ ድንጋይ የተገነባ ነው። አሠራሩ ምን ይባላል ብለን ስንፈልግ ግን አንድ ቃል አፋችንን አስያዘን፤ «ኢጣሊያናዊ» ይላል።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። የዚያን ዘመን እንግሊዞች የኢጣሊያን የገጠር ቪላ ወደው በየኮረብታቸው ይተክሉ ነበር። ጆን ናሽ የተባለው አርክቴክት በ1802 ገደማ በሽሮፕሺር የሠራው ክሮንክሂል የሚባል ቤት የዚህ ዓይነት የመጀመሪያው ነው ይባላል። የዚህ ወገን ቤቶች በጠቅላላው ምልክታቸው ይታወቃል። ጣሪያቸው ዝቅ ያለ ነው። ክፈፉ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ሰፋ ያለ ጥላ ይጥላል፤ ከሥሩም በተቀረጹ ድጋፎች ይያዛል። የመስኮቶቹ አናት ብዙውን ጊዜ ቅስት ነው። ባለጠጋ ከሆነም ማማ ይጨመርበታል። ለናፖሊ ፀሐይ የታሰበው ሰፊ ክፈፍ በእንግሊዝ ዶፍ ሥር ሲውል ምን እንደሚመስል አንባቢ ያስበው። ክፈፉ የተፈጠረው ለጥላ ነው፤ በባዝ ግን ጥላ አልጠፋም፤ የጠፋው ፀሐይ ነው።

እንግዲህ ኢጣሊያ አገሩን የወረረችበት ንጉሥ፣ ሰኔ 30 ቀን 1936 በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሞ አቤት ካለ በኋላ፣ ያረፈው ኢጣሊያን በሚመስል ቤት ነው። ይህን ያወቅን ዕለት የታሪኳ ተማሪ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ብዙ አልቆየም። የጎጃሙ ልጅ «ቅስቱ ምን አጠፋ? መርዝ የነሰነሰው ክብ መስኮት አይደለም» አለ። በዚህ ሁላችንም ተስማማን። የአሠራር ስልት ከባሕር ማዶ ሲሻገር የባለቤቱን መንግሥት ተሸክሞ አይሻገርም።

ሆኖም ይህ ዓይነት ቤት ከእኛ ሰው ጋር ሲገናኝ ፌርፊልድ የመጀመሪያው አልነበረም። በዋይት ደሴት ላይ፣ ከ1845 እስከ 1851፣ ለንግሥት ቪክቶሪያ የተሠራ ኦስቦርን የሚባል የበጋ ቤት አለ። ባለቤቷ ልዑል አልበርትና ቶማስ ኪዩቢት የተባለው የግንባታ ተቋራጭ ያቀዱት ነው። አልበርት ባሕሩን ሲያይ የናፖሊን ባሕር ያስታውሰው ስለነበር ባለ ማማ የኢጣሊያ ቪላ አደረገው። ግን ድንጋይ አይደለም፤ በጡብ ተሠርቶ ድንጋይ እንዲመስል በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። በ1868 ከመቅደላ በኋላ የሰባት ዓመቱ የቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ ንግሥቲቱ ፊት የቀረበው እዚያ ቤት ነው። ሕፃኑ ግድግዳውን ነክቶ ድንጋይ መስሎት ይሆናል። አገሩን ዳግመኛ ሳያይ በ1879፣ በአሥራ ስምንት ዓመቱ፣ በሊድስ ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ። ከእርሱ ሞት ወደ ስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ የኢትዮጵያ ስደተኛ ወደ ሌላ ኢጣሊያናዊ ቤት ገባ። ያኛው የተወሰደ ልጅ ነበር፤ ይህኛው የሄደ ንጉሥ። ጓደኛችን ይህን ልዩነት እንድንጽፍ አጥብቆ አሳሰበን፤ እነሆ ጻፍነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ባዝ የመጡት በነሐሴ 1936 ነው። መጀመሪያ ሆቴል አረፉ፤ ቀጥሎ ፌርፊልድን ገዝተው ከቤተሰቦቻቸውና ከተከታዮቻቸው ጋር ገቡበት። ከውጭ ሲያዩት የድሎት ቤት ነው። ኑሮው ግን እንደ ፊቱ አልነበረም። እንዲህ ያለ ቤት የሚሞቀው በየክፍሉ ባለው ምድጃ በሚነድ ከሰል ነው፤ ከሰል ደግሞ በገንዘብ ነው። ገንዘብ ሲያጥር ከአገር ይዘውት የወጡት የብር ዕቃ ተሸጠ። እቴጌ መነን ብርዱን አልቻሉትም፤ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሱ። ልዕልት ፀሐይ ለንደን ሄደው በሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ሙያ ተማሩ። ንጉሠ ነገሥቱ አንድ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የነበረበትን ዕዳ እንዲከፍላቸው በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ክርክሩ ገና እያለ የእንግሊዝ መንግሥት በኅዳር 1938 የኢጣሊያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ገዥ ብሎ አወቀ፤ ገንዘቡም ከእጃቸው ወጣ። «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የተባለው መጽሐፋቸውም የተጀመረው በዚሁ በባዝ ነው።

እኛን የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎቹን ከሁሉ ይበልጥ የነካን ግን ሌላ ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ፣ «ወዳጄ ልቤ»ንና «አዲስ ዓለም»ን የጻፉልን፣ በመስከረም 1938 በስደት እንዳሉ በፌርፊልድ ሞቱ። በባዝ ተቀበሩ፤ ዐፅማቸው ወደ አገሩ የገባው ከነጻነት በኋላ ነው። መጻሕፍታቸውን እዚሁ ግቢ ውስጥ ተውሰን አንብበናል፤ በዚያ ቢጫ የድንጋይ ቤት ውስጥ እንደሞቱ ግን ከእኛ መካከል አንድም ያሰበበት አልነበረም። የጉለሌው ልጅ ይህን ሲሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፎቶግራፉን ወደ ራሱ አስጠግቶ አየው። «የትኛው መስኮት ይሆን?» አለ። አልመለስንለትም።

አሁን ወደ ገዛ ግቢያችን ልንመለስ ነው። ምክንያቱም የፌርፊልድ ታሪክ ያለ ስድስት ኪሎ ግማሽ ነው። የምንማርበት ግቢ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደነበረ አንባቢ ያውቃል። ከወረራው ጥቂት ቀደም ብሎ የተሠራ የንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ ነበር። ባለቤቱ ባዝ ሲገባ የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ደግሞ ገነተ ልዑል ገባ። እንግዲህ አስቡት፤ በዚያ ክረምት ኢትዮጵያዊው በኢጣሊያናዊ ቤት፣ ኢጣሊያዊው በኢትዮጵያዊ ቤት ተቀምጠዋል። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የናፖሊ ልዑል ተወለደ ብሎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ በዚሁ ቤት ደጅ ሕዝብ ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስግዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ በአዲስ አበባ የሆነውን ከስድስት ኪሎው ሐውልት በላይ እኛ አንናገርም። ኢጣሊያኖቹ በግቢው ውስጥ ፋሺስቶች ሥልጣን ከያዙበት ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ አንድ ደረጃ እየቆጠሩ ሽቅብ የሚጠመዘዝ መወጣጫ ሠሩ። ከነጻነት በኋላ ከላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበትና ቆጠራው አከተመ። ፈተና ሲቃረብ ደብተር ይዘን የምንቀመጥበት ደረጃ ያ ነው።

ጽሑፉ ይህን ያህል ከገፋ በኋላ ጓደኛችን «ኑ፣ አያቴ ጋ እንሂድ» አለን። አንድ ቅዳሜ አራታችን ጉለሌ ወረድን።

እማማ ወደ ዘጠና ዓመት የሚጠጉ ሴት ናቸው። አባታቸውን አያውቁም፤ በእናታቸው ማኅፀን ሳሉ ነው የተገደለው። እስከዚያ ቀን ጓደኛችን ያልነገረንን ከእርሳቸው ሰማን። አባትየው ድንጋይ ጠራቢ ነበር። ከሞተ በኋላ እናታቸው መዶሻውንና መሮዎቹን ሽጣ ልጇን አሳድጋለች፤ አንዲት መሮ ብቻ ቀርታለች። ለማየት ጠየቅን። ከምድጃው ጎን አንሥተው ሰጡን፤ ከሰል ይፈረካክሱባታል። አፏ ደንዝዟል፣ አናቷ በመዶሻ ብዛት ተዘርግቶ እንደ እንጉዳይ ሆኗል። ተራ በተራ ያዝናት፤ ከመጠኗ በላይ ትከብዳለች።

ፎቶግራፉን አሳየናቸው። ብርሃን ወዳለበት አስጠግተው ረጅም ጊዜ አዩት።

«የማን ቤት ነው?»

ነገርናቸው። እንደ ልጅ ልጃቸው ይቆጣሉ ብለን ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን «ጭስ ማውጫው ብዙ ነው» አሉ። «ብርድ ቤት ነው።»

«አዎን እማማ፣ በርዷቸው ነበር ይባላል።»

«ጥቁር ድንጋይ ነው?»

«አይደለም፤ ቢጫ ነው። በመጋዝ ይቆረጣል።»

«ድንጋይ በመጋዝ?» ሳቁ። «እንዲያ ከሆነስ የእኔ አባት ምን አደከመው!» ከዚያ ሳቁን ትተው «ማን ጠረበው ይላል?» ብለው ጠየቁን።

ተያየን። ስለ ራልፍ አለን እናውቃለን፤ ስለ ጆን ውድ አባትና ልጅ እናውቃለን። በሻማ መብራት ከጣሪያ ሥር ተጋድሞ ስለጋዘው ሰው ግን በደብተራችን የያዝነው እጁ ላይ የነበረውን መሣሪያ ብቻ ነው።

ጓደኛችን ይህን ጊዜ አላስችል አለው። «እማማ፣ እሳቸው እዚያ ተቀምጠው የእርስዎ አባት እዚህ ሲሞት አያናድድዎትም?» አለ።

«ድሮ ይናደድ የነበረውስ ማን ሆነና ነው?» አሉት። «እናቴ እስክትሞት ስትናደድ ኖራለች፤ የእርሷም ለእኔ ይበቃኛል። ደግሞ የሄደውም ቢሆን ብርድ እየመታው የገዛ ሰውን ሲቀብር ነው የከረመ፤ አሁን እናንተው አላላችሁም? እኔ የምለው ሌላ ነው። የንጉሡን ቤት ፎቶ አንሥተውታል። አባቴ የጠረበው ድንጋይ በየትኛው ግንብ እንዳለ እኔ ልጁ አላውቅም። ስንቱን ቤት አልፌው እሄድ ይሆን?»

ስሙን በመጽሔታችን ልንጽፈው ጠየቅናቸው። እንቢ አሉ። «ስሙን እኔ አውቀዋለሁ፤ የካቲት 12 በመጣ ቁጥር በቤተ ክርስቲያን አስጠራዋለሁ። ወረቀት ይጣላል። እናንተ ከጻፋችሁ ሥራውን ጻፉ፤ ድንጋይ እንዴት እንደሚጠረብ ጻፉ።»

ለዚህ ነው፣ ውድ አንባቢ፣ ከላይ ስለ ዶማውና ስለ መጋዙ ያን ያህል ያሰለቸንህ። መጀመሪያ ጽፈነው የነበረው አራት መስመር ነበር፤ ከጉለሌ ስንመለስ አስፋፋነው።

የፌርፊልድ ታሪክ የሚያልቀው እንዲህ ነው። ኢጣሊያ በሰኔ 1940 ወደ ዓለም ጦርነቱ ስትገባ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያው ወር በአውሮፕላን ወደ ግብፅ፣ ከዚያም ወደ ሱዳን ሄዱ። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። ቤቱን ለራሳቸው አላስቀሩትም። በ1958 ለባዝ ከተማ አረጋውያን መጦሪያ ይሁን ብለው ሰጡት። ከጊዜ በኋላም ከካሪቢያንና ከሌሎች አገሮች ወደ እንግሊዝ የመጡ አዛውንቶች የሚሰባሰቡበት ሆኗል። በ1961 ደግሞ ገነተ ልዑልን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ጓደኛችን ስለዚህኛው «በታኅሣሥ 1960 በአረንጓዴው ሳሎን ደም ባይፈስ ኖሮ ይሰጡን ነበር?» ይላል። የታሪኳ ተማሪ «ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንተ የተቀመጥክበት ወንበር ያለው እዚያ ውስጥ ነው» ትለዋለች። ይህ ክርክር አላለቀም፤ በዚህ ጽሑፍም አያልቅም። ሁለቱ ቤቶች ግን አንድ ዕድል ገጥሟቸዋል። አንደኛው ለሽማግሎች፣ ሌላው ለወጣቶች ሆኖ፣ ማንኛቸውም ዛሬ የንጉሥ መኖሪያ አይደሉም።

እኛ ባዝን አላየናትም። ከመካከላችን አንዱ ዕድል ቀንቶት ከሄደ ግን የምናስገባለት አደራ አለ። ፌርፊልድ ሲደርስ በሩንና መስኮቱን ካየ በኋላ ጎንበስ ብሎ ግድግዳውን ይይ። ንብርብሩ አግድም መሆኑን፣ ከድንጋዮቹ ላይ የመጋዝ ፈለግ መቅረቱን ይፈልግ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁላችንም ነገ ጧት ወደ ክፍል ስንገባ በገነተ ልዑል ግድግዳ ላይ የመሮ ጠባሳ እንፈልግ። ማን እንደጠረበው አናውቅም። ከጉለሌ የመጣ ሰው ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻውን ረቂቅ ለጓደኛችን ሰጠነው፤ አነበበው። ብዕር ተበደረና ከመጀመሪያው አንቀጽ ላይ «ሦስታችን» የሚለውን ሰርዞ «አራት ሆነን» ብሎ ጻፈበት። ሌላ ምንም አላለም፤ የሻዩን ሂሳብ ግን እሱ ከፈለ።